ዝናብ ድንጋይን ሲያሟሟ፦ ከላንቴ ሜዳ እስከ ሶፍ ዑመር ዋሻ

ከአርባ ምንጭ ከተማ ተነሥቶ በወላይታ ሶዶ መንገድ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ብዙም ሳይርቅ ላንቴን ያገኛል። በስተቀኝ የሙዝ እርሻ፣ ከእርሻው ባሻገር የአባያ ሐይቅ፤ በስተግራ ደግሞ ጭጋግ የማይለያቸው የጋሞ ተራሮች ይታያሉ። አባያን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ተማሪ ዘወትር የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ውኃው ለምን ቀላ? በ«እግዜር ድልድይ» ማዶ ያለው ጫሞ እንደ ማንኛውም ሐይቅ ሆኖ ሳለ፣ አባያ ግን የሸክላ ጭቃ የተበጠበጠበት ይመስላል።

መልሱን ለማግኘት ወደ ሐይቁ ከመመልከት ይልቅ ፊትን ወደ ተራሮቹ ማዞር ይሻላል። ሐይቁን የሚያቀላው ከደጋው ታጥቦ የወረደና ብረት የበዛበት ደቃቅ አፈር ሲሆን፣ ያ አፈር በአንድ ወቅት ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ነበር። ድንጋዩን ወደ አፈር የለወጠው ዋናው ኃይልም የዝናብ ውኃ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውኃ ድንጋይን እንዴት እንደሚያሟሟ፣ የአሲድ ዝናብ የሚባለው ነገር ሥራውን ምን ያህል እንደሚያፋጥነው፣ ይህ ሁሉ ደግሞ ከአንድ የጨንቻ ገበሬ የገብስ ማሳ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ለማየት እንሞክራለን።

ንጹሕ ዝናብም አሲድ ነው

ብዙ ተማሪዎች ንጹሕ የዝናብ ውኃ ፒኤቹ 7 ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። የዝናብ ጠብታ ከደመና እስከ መሬት በሚወርድበት ጊዜ በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያሟሟ ካርቦኒክ አሲድ ይፈጠርበታል። ይህ ለስላሳ መጠጦችን የሚያስፎክተው አሲድ ነው፤ በዝናብ ውስጥ ግን እጅግ የሳሳ ነው። በዚህም ምክንያት ምንም ብክለት የሌለበት የዝናብ ውኃ ፒኤቹ 5.6 አካባቢ ይሆናል።

«የአሲድ ዝናብ» የምንለው ከዚህ በታች የወረደውን ነው። ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ጋር አብሮ የሚቃጠለው ድኝ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ከሞተርና ከምድጃ ሙቀት ደግሞ የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ይወጣሉ። እነዚህ በአየር ላይ ተለውጠው ሰልፈሪክና ናይትሪክ አሲድ ሆነው ይወርዳሉ። ፒኤች በአሥር እጥፍ ደረጃ የሚቆጠር መለኪያ መሆኑን እናስታውስ፤ ፒኤቹ 4 የሆነ ዝናብ 5.6 ከሆነው 40 እጥፍ ያህል የሃይድሮጅን አዮን ይዟል።

ስያሜው አዲስ አይደለም። ሮበርት አንገስ ስሚዝ የተባለ ኬሚስት በእንግሊዝ የማንቸስተር ከተማ ዙሪያ የሚወርደውን ዝናብ ሲመረምር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1872 ባሳተመው መጽሐፍ «የአሲድ ዝናብ» የሚለውን ቃል ተጠቅሞበታል።

የኖራ ድንጋይ ላይ ምን ይሆናል?

የኖራ ድንጋይ ዋና ንጥረ ነገሩ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የእንቁላል ቅርፊትም፣ የቀንድ አውጣ ቤትም፣ እምነ በረድም ከዚሁ የተሠሩ ናቸው። ካልሲየም ካርቦኔት በንጹሕ ውኃ ውስጥ የማይሟሟ ነው ማለት ይቻላል፤ በአንድ ሊትር ውስጥ የሚሟሟው 14 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ውኃው ካርቦኒክ አሲድ ሲኖረው ግን ጠባዩ ይለወጣል። አንድ የካልሲየም ካርቦኔት ሞለኪውል፣ አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውልና አንድ የውኃ ሞለኪውል ተዋሕደው በውኃ ውስጥ በቀላሉ የሚሟሟ ካልሲየም ባይካርቦኔት ይሰጣሉ። ድንጋዩ ዐይናችን እያየ አይፈርስም፤ ከውኃው ጋር ተዋሕዶ ይሄዳል እንጂ።

ይህ ሂደት ወደ ኋላም ይመለሳል። ድሬዳዋ ወይም መቀሌ የኖረ ሰው በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። በሁለቱም ከተሞች ዙሪያ የኖራ ድንጋይ በብዛት ስላለ የከርሰ ምድር ውኃው ካልሲየም ባይካርቦኔት ይዞ ይመጣል። ውኃው ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ካልሲየም ካርቦኔቱ ዳግመኛ ድንጋይ ሆኖ ይቀመጣል። የቤት እመቤቶች ቅርፊቱን በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ሲያስለቅቁት፣ እኛ በአሲድ ዝናብ ስም የምንተርከውን ነገር በወጥ ቤት ውስጥ እያከናወኑ ነው።

እስቲ ጥቂት ሂሳብ እንሥራ። በዓመት 1,000 ሚሊሜትር ዝናብ በሚዘንብበት ቦታ አንድ ሜትር ካሬ ጠፍጣፋ የኖራ ድንጋይ ቢኖር፣ 1,000 ሊትር ውኃ ይወርድበታል ማለት ነው። በአየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የተስተካከለ ውኃ፣ የሚችለውን ያህል ቢያሟሟ በአንድ ሊትር 50 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል። ስለዚህ በዓመት 50 ግራም ይሄዳል። የድንጋዩን እፍጋት በሴንቲሜትር ኪዩብ 2.7 ግራም ብንወስድ፣ የተወሰደው ንጣፍ ውፍረቱ 0.02 ሚሊሜትር ሊሆን ምንም አይቀረው። አንድ ሚሊሜትር ለመቀነስ 50 ዓመት ያህል ይፈልጋል። ይህም ትልቁ ግምት ነው፤ ከዝናቡ የሚተንነውና ሳይጠግብ ተንሸራትቶ የሚወርደው ሲቀነስ ቁጥሩ ያንሳል።

ለሰው ዕድሜ ይህ ምንም ነው፤ ለምድር ዕድሜ ግን አይደለም። ተመሳሳዩ ፍጥነት ለአንድ ሚሊዮን ዓመት ቢቀጥል ወደ 20 ሜትር የሚጠጋ ድንጋይ ይጠፋል።

ሶፍ ዑመር

ላንቴ ዙሪያ የኖራ ድንጋይ ገደል የሚፈልግ ሰው አይሳካለትም፤ የጋሞ ደጋ በአብዛኛው እሳተ ገሞራ የወለደው ባዛልት ነው። የሀገራችን ታላቁ የኖራ ድንጋይ የተነጠፈው በሌላ ዘመንና በሌላ ቦታ ነው። በጁራሲክ ዘመን የዛሬዋን ኢትዮጵያ ምሥራቃዊና ሰሜናዊ ክፍል ባሕር ሸፍኖት ነበር። በዚያ ባሕር ወለል ላይ የተከማቸው ዝቃጭ በትግራይ እንጣሎ አካባቢ ጎልቶ ስለሚታይ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር እ.ኤ.አ. በ1868 የመጣው የጂኦሎጂ ባለሙያ ዊሊያም ብላንፎርድ «የአንታሎ ኖራ ድንጋይ» ብሎ ሰይሞታል። በመቀሌ ዙሪያ፣ በዓባይ በረሃ፣ በሐረርጌና በባሌ የምናየው ይኸው ድንጋይ ነው። የሙገር፣ የመሰቦና የድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች እዚያ እዚያ መተከላቸውም በአጋጣሚ አይደለም።

ከሁሉ የሚደንቀው የባሌው ሶፍ ዑመር ዋሻ ነው። የወይብ ወንዝ ከባሌ ተራሮች ወርዶ በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ይገባና ሌላኛው ጫፍ ላይ ይወጣል። የዋሻው መተላለፊያዎች በአንድነት ሲለኩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆኑ በሀገራችን ከሚታወቁት ዋሻዎች ሁሉ ረጅሙ ነው። አምዶቹንና ጉልላቶቹን የተመለከተ ሰው የሰው እጅ የቀረጻቸው ይመስለዋል። ውኃው በመጀመሪያ የገባው በስንጥቆች ነው፤ እያሟሟ ስንጥቁን አሰፋው፤ ሲሰፋለት ብዙ ውኃ አለፈ፤ ብዙ ውኃ ሲያልፍም ይበልጥ ሰፋ። ወንዙ የሚያንከባልለው ድንጋይና አሸዋ ደግሞ ሞርዶ ጨረሰው። በዚህ ሥራ ውስጥ የፋብሪካ ጭስ እጅ የለበትም።

እዚህ ላይ ተማሪዎች አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንፈልጋለን። ዋሻ የሚቦረቡረው ውኃ ጉልበቱን በይበልጥ የሚያገኘው ከአየር ሳይሆን ከአፈር ነው። የዕፅዋት ሥሮችና ረቂቅ ነፍሳት ስለሚተነፍሱ በአፈር ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከአየሩ በብዙ አሥር እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። መጠኑ 1 ከመቶ ቢደርስ ውኃው በአንድ ሊትር 150 ሚሊግራም ያህል የኖራ ድንጋይ ለመያዝ ይችላል፤ ማለትም ቀደም ሲል ካሰላነው ሦስት እጥፍ። ደን የለበሰ የኖራ ድንጋይ ከተራቆተው ይልቅ በፍጥነት መሟሟቱ ለዚህ ነው።

ጭሱ ሲጨመርበት

አሁን ወደ አሲድ ዝናቡ እንመለስ። ፒኤቹ 4 የሆነ ዝናብ በአንድ ሊትር የያዘው የሃይድሮጅን አዮን ቢበዛ 10 ሚሊግራም የኖራ ድንጋይ ነው የሚያሟሟው። በዓመት በአንድ ሜትር ካሬ 10 ግራም፣ በውፍረት 0.004 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። ይህ ከተፈጥሮው ካርቦኒክ አሲድ ሥራ አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። ታዲያ በአውሮፓ ከተሞች የድንጋይ ሐውልቶች አፍንጫና ጣት እስኪያጡ ድረስ የተበሉት እንዴት ነው? ሂሳቡ ተሳስቷል ወይ?

ለንደን የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ለዚህ መልካም ማስረጃ ይሰጠናል። በ1718 (እ.ኤ.አ.) በጣሪያው ዙሪያ ባለው የኖራ ድንጋይ መከለያ ላይ ቀዳዳዎች በእርሳስ ተደፍነው ነበር። እርሳሱ ከድንጋዩ ገጽ ጋር ትክክል ሆኖ ነበር የተሞላው። ድንጋዩ እየተበላ ሲወርድ እርሳሱ ግን በቦታው ስለቀረ፣ ከ260 ዓመት በኋላ ባለሙያዎች የእርሳሱን ጉብታ ለክተው ድንጋዩ በአማካይ በየዓመቱ 0.08 ሚሊሜትር ያህል፣ በጠቅላላው 2 ሴንቲሜትር ገደማ መጉደሉን አረጋገጡ። እርሳሱን የደፈኑት ሠራተኞች ለሳይንስ ምን ያህል ውለታ እንደዋሉ አላወቁም። የለንደን ዝናብ በዓመት 600 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ መሆኑን ስናስብ፣ ይህ ከእኛ ሂሳብ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ልዩነቱን በአብዛኛው የሚሞላው ዝናብ ሳይሆን ደረቁ ጋዝ ነው። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ዝናብ ሳይጠብቅ በእርጥብ ግድግዳ ላይ በቀጥታ ያርፋል፤ ከካልሲየም ካርቦኔቱ ጋር ተዋሕዶም ጂፕሰም፣ በተለምዶ ጄሶ የምንለውን ይሠራል። ጂፕሰም በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከ2 ግራም በላይ ይሟሟል፤ ከካልሲየም ካርቦኔት ከመቶ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ዝናብ አሲድ ይሁን አይሁን አጥቦት ይሄዳል። ዝናብ በማይደርስበት ጥግ ደግሞ ጂፕሰሙ ጥላሸት ይዞ ጥቁር ቅርፊት ይሆናል፤ ቆይቶም ተፈንቅሎ ሲወድቅ ሥሩ ያለውን ድንጋይ ይዞት ይወርዳል። በዚህ ላይ ማያያዣቸው የሟሟ ቅንጣቶች ሳይሟሙ በቁማቸው ይረግፋሉ። «የአሲድ ዝናብ ሐውልት በላ» የሚለው የተለመደ አነጋገር እንግዲህ ግማሽ እውነት ብቻ ነው።

በቴምዝ ወንዝ ዳር የነበሩት የባንክሳይድና የባተርሲ የኃይል ማመንጫዎች በ1981 እና በ1983 ተዘግተዋል፤ በሀገሪቱ የድኝ ብክለትም ቀንሷል። ከዚያ ወዲህ በዚያው ካቴድራል ላይ የተደረጉት ልኬታዎች የድንጋዩ መበላት በግልጽ መቀነሱን አሳይተዋል።

በሀገራችንስ? ቅርሶቻችንን በተመለከተ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ እናርም፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈለፈሉ ናቸው፤ የአክሱም ሐውልቶችም የኖራ ድንጋይ አይደሉም። ዝናብ ይጎዳቸዋል፤ ነገር ግን መንገዱ ከላይ ከገለጽነው የተለየ ነው። የድኝ ጋዝ በብዛት ሲወጣ የታየው ከፋብሪካ ሳይሆን ከአፋር እሳተ ገሞራዎች ነው፤ በ2011 (እ.ኤ.አ.) በኤርትራ በኩል የፈነዳው ናብሮና በኅዳር 2018 ዓ.ም. በአፋር የፈነዳው ሃይሊ ጉቢ የቅርብ ጊዜ ምሳሌዎች ናቸው።

ከጨንቻ የታጠበው ላንቴ ደረሰ

የኖራ ድንጋዩ ታሪክ ለጋሞ የሚጠቅመው አሁን ነው። ባዛልትም በካርቦኒክ አሲድ ይሸነፋል፤ ሆኖም ከኖራ ድንጋይ እጅግ ያዘግማል፤ እንደ ኖራ ድንጋይም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ካልሲየሙ፣ ማግኒዥየሙና ሶዲየሙ በባይካርቦኔት መልክ ከውኃው ጋር ይወርዳሉ። ብረቱና አሉሚኒየሙ ግን በቦታቸው ቀርተው ቀይ ሸክላ አፈር ይሆናሉ።

እንግዲህ ከላይ ጨንቻ፣ ከታች ላንቴ ቆመን እናስተያይ። ጨንቻ ከ2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ አባያ ደግሞ ከ1,200 ሜትር በታች ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት በመኪና ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። በዝናባማው ደጋ ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ ለሺህ ዘመናት ስለታጠበ አፈሩ አሲድ ሆኗል። የታጠበው ደግሞ የሄደበት አለ፤ እንደ ሐሬ ያሉ ወንዞች ተሸክመው ወደ ሜዳውና ወደ ሐይቁ አወረዱት። የአባያ ውኃ ሶዲየም ባይካርቦኔት የበዛበትና ፒኤቹ ወደ 9 የሚጠጋ ቤዛዊ ውኃ መሆኑ የዚህ ውጤት ነው። የሜዳው ደለል አፈርም ከገለልተኛ እስከ ቤዛዊ ነው። ደጋው የከሰረው ቆላው ዘንድ ተቀምጧል ብንል ማጋነን አይሆንም።

አሲድነት ገብስን የሚጎዳው አሲዱ ራሱ ሥሩን ስለሚያቃጥለው አይደለም። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 እየወረደ ሲሄድ በሸክላው ውስጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምራል። የሟሟ አሉሚኒየም የሥሩን ጫፍ ስለሚገታው ተክሉ ውኃና ምግብ ፍለጋ ወደ ታች መውረድ ያቅተዋል። ፎስፈረሱም በብረትና በአሉሚኒየም ተጠፍሮ ስለሚያዝ፣ ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ አፈሩ ውስጥ እያለ ለተክሉ የለም። እንደ ዩሪያ ያለው ማዳበሪያ በአፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ ተጨማሪ አሲድ መፍጠሩ ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል። በሀገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 ከመቶ ያህሉ በአሲድነት የተጠቃ እንደሆነ ይጠቀሳል።

መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። በለንደን የካቴድራሉን መከለያ የበላው ጉዳይ እዚህ ለበጎ ይውላል፤ የአፈሩ አሲድ የኖራውን ዱቄት ያሟሟዋል፤ ኖራው ሲሟሟ አሲዱን ያረክሰዋል፤ አሉሚኒየሙም ወደማይሟሟ መልኩ ተመልሶ ይተኛል። ዱቄቱ መድቀቁ ወሳኝ ነው። አንድ ሴንቲሜትር ኪዩብ የሆነ ጠጠር ገጹ 6 ሴንቲሜትር ካሬ ነው፤ ያንኑ ጠጠር 0.1 ሚሊሜትር ወርድ ወዳላቸው ቅንጣቶች ብንፈጨው ጠቅላላ ገጹ 600 ሴንቲሜትር ካሬ ይሆናል። አሲዱ የሚያገኘው ገጽ በመቶ እጥፍ ሰፋ ማለት ነው። ጠጠሩን እንዳለ የበተነ ገበሬ በዕድሜው ውጤቱን ላያይ ይችላል።

ምን ያህል ያስፈልጋል? የአንድ ሄክታር መሬት የላይኛው 15 ሴንቲሜትር አፈር 1,800 ቶን ገደማ ይመዝናል። በእያንዳንዱ ኪሎግራም አፈር 1 ሳንቲሞል ተለዋዋጭ አሲድ ቢኖር፣ እርሱን ለማርከስ 900 ኪሎግራም ወይም 9 ኩንታል ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ይበቃል። ባለሙያዎች በማሳ ላይ ያለውን ብክነት አስበው ይህን በአንድ ተኩል ያባዙታል። አሲዱ 2 ሳንቲሞል ከሆነ 27 ኩንታል ደረሰ ማለት ነው። በሀገራችን ለብዙ ዓመታት ሲመከር የኖረው ማዳበሪያ ግን በሄክታር 2 ኩንታል ነበር። ችግሩ የኬሚስትሪ ሳይሆን የጭነት መሆኑን አንባቢ ከዚህ ይረዳል። ኖራው ያለው በኖራ ድንጋዩ ሀገር ነው፤ አሲዱ ያለው በባዛልቱ ደጋ ነው፤ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ማሳው ያለውን ዳገት ደግሞ አህያም ሰውም ነው የሚወጣው። ኖራ የማይገዛውን ገበሬ «ግንዛቤ የለውም» እያልን የምንወቅስ ምሁራን አስቀድመን አንዷን ኩንታል ተሸክመን ብናያት መልካም ነበር።

በሌላ በኩል በላንቴ የሙዝ ማሳ ላይ ኖራ መበተን ገንዘብን ውኃ ውስጥ ከመጣል አይለይም። አፈሩ ካልሲየም አልጎደለውም። ስለዚህ «የጋሞ አፈር ኖራ ይፈልጋል» የሚል አንድ ወጥ ምክር ሊሰጥ አይገባም፤ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት መልሱ ይገለበጣልና።

ቅርብ ጊዜ በዓለም ላይ እየተሞከረ ያለ አንድ ሐሳብ ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው። ባዛልትን ፈጭቶ በአሲዳማ ማሳ ላይ መበተን ነው። ባዛልቱ ሲሟሟ ካልሲየምና ማግኒዥየም ለአፈሩ ይመልሳል፤ ከአየር የመጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድም ወደ ባይካርቦኔት ለውጦ ያስቀረዋል። ጉድለቱ ዝግታው ነው፤ በሄክታር በአሥር ቶኖች የሚቆጠር ዱቄት ይጠይቃል፤ መፍጫውም ኃይል ይበላል። ነገር ግን ድንጋዩ ከሩቅ አይመጣም፤ ጨንቻ ራሷ የቆመችው በእርሱ ላይ ነው። የትኛው ይረክሳል የሚለውን ሂሳብ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለሚፈልጉ ተማሪዎች እንተወዋለን።

ራሳችን እንሞክረው

ለዚህ ሙከራ የእንቁላል ቅርፊት፣ ሦስት ብርጭቆ፣ ኮምጣጤ፣ ሎሚና የዝናብ ውኃ ይበቃሉ። ቅርፊቱን አጥባችሁ፣ አድርቃችሁና መዝናችሁ በየብርጭቆው ክተቱት። የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ እንዳትጠቀሙ እናሳስባለን፤ ዛሬ በገበያ ያለው ጠመኔ ብዙ ጊዜ ጂፕሰም ስለሆነ በኮምጣጤ አይፎክትም፤ «ሙከራው አልሠራም» ብላችሁም ትሳሳታላችሁ። በኮምጣጤው ውስጥ አረፋ ወዲያው ይታያል፤ በሁለት ቀን ውስጥም ስስ ሽፋኑ ብቻ ይቀራል። በዝናቡ ውኃ ውስጥ ምንም ነገር የሆነ አይመስልም። ለምን እንደማይመስል፣ ቅርፊቱ እስኪያልቅ ድረስ ውኃው ስንት ጊዜ መለወጥ እንዳለበት ከላይ ባለው ሂሳብ አስሉት፤ አንድ ቅርፊት 5 ግራም ይመዝናል በሉ፤ አንድ ሊትር 50 ሚሊግራም ይወስዳል።

በአርባ ምንጭ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ከላንቴ፣ ከዳገቱ ግርጌ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አንድ አንድ እፍኝ አፈር ወስዳችሁ፣ ከዝናብ ውኃ ጋር በጥብጣችሁና አጥልላችሁ ፒኤቱን በላቦራቶሪያችሁ ለኩ። ከታች ወደ ላይ ስትወጡ ቁጥሩ የሚወርድ ከሆነ ቦታውንና ከፍታውን ጽፋችሁ አስቀምጡ። በአንዱ ነጥብ ላይ ሳይወርድ ከቀረም የማሳውን ባለቤት ምን እንደ ዘራበትና የምድጃ አመድ ይበትንበት እንደሆነ ጠይቁት፤ አመድም እንደ ኖራ አሲድን ያረክሳል።